ሰዓቱን ያቃናው

ነፋሱ ከቦኩ ወርዶ ቆርቆሯችንን ሲያንኳኳ፣
ያቺ ትንሽ ክብ ትዞራለች፣ የራሷን ዙሪያ ስትለካ።
«በመገናኘት ላይ» ትላለች። ትላለች። ከዚያ ቀይ።
ጨረቃ እንኳ ከዚህ ፈጥና ወጥታለች፣ ከጎረቤት ጣራ በላይ።

ነገ ደመወዝ ነው። ዝዋይ፣ አበባ እርሻው፣ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው፣
ወሩን ሙሉ ጽጌረዳ ሲቆርጥ እጁን እሾህ የበላው፣
ስሙ አዲስ አበባ፣ የቪፒኤኑ ማዶ፣ ሰርቨር ሆድ ውስጥ ተኝቶ፣
እኔ አዳማ፣ ፖስታ ቤት ጀርባ፣ በሩ በፊቴ ተዘግቶ።

ራውተሩን ነቀልኩ። እስከ ሠላሳ ቆጥሬ ሰካሁ።
በስልኬ ሞከርኩ፤ የሃምሳ ብር ዳታ አስበላሁ።
ፋየርዎሉን አጠፋሁ (እግዜር ይቅር ይበለኝ)፣
ፕሮግራሙን ሰርዤ ጫንኩት፤ ያው በር፣ ያው «አትግቢ» አለኝ።
ፓስወርዱን በትልቁ፣ በትንሹ፣ ከነነጥቡ ጻፍኩት፤
ኬብሉን እንኳ፣ አቧራ ቢሆን ብዬ፣ እንደ ሕፃን ዓይን እፍ አልኩት።

ይትባረክ ጋ ደወልኩ፣ ዋናው ቢሮ፤ እንቅልፍ አለ በድምፁ።
«ሌላው ሁሉ ገብቷል ለሊሴ። ካንቺ ነው። ምን ይላል ገጹ?»
አነበብኩለት፦ «የምስክር ወረቀቱ ገና አልጸናም፣
ዘመኑ አልደረሰም።»
                    «እንዴ» አለ፣ «ይሄን ሰምቼ አላውቅም።»

ገና?
ያለፈበት ወረቀት እናውቃለን፤ መታወቂያዬም አልፎበታል፣
ያልደረሰ ወረቀት ግን ማን ሰጥቶኝ ከየት መጥቷል?

«ቀኑን እስቲ እዪው» አለኝ።
አየሁት። ከታች፣ ከጥጉ፦
ማርች ሃያ፣ ዐሥራ ሰባት፣ አራት ከሩብ፤ የታለ ስሕተቱ? የታለ ጉዱ?
ሲመሽ ጀምሮ ዐሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዓይኔ እሺ ብሎ አለፈው፣
ግድግዳው ላይ ያለው መጋቢትም፣ የኪራይ ውሌም የሚለው ይህንኑ ነው።

«ልክ ነው» አልኩት።
«ስንት ነው ያልሽው ዓመቱ?»
«ዐሥራ ሰባት።»
ዝም አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ናዳ።

ከመጋረጃው ወዲያ ሳል። ነቅቷል አባቴ ጉደታ፣
ሠላሳ ዓመት ምድር ባቡር፣ የጣቢያውን ሰዓት ሞይ፣ ጠዋት ማታ።
ባቡሩ ቀርቶ፣ ሐዲዱ ዝጎ፣ ትኬት መቁረጫው ተዘግቶ ሲያበቃ፣
የተዛባ ሰዓት ካየ ዛሬም አያስችለው ለደቂቃ።

«ቀን ተኝተሽ አየሁት» አለ፣ መነጽሩን እየጠረገ፣
«ስምንት ዓመት ቀድሞን ሮጧል፤ እዚያ ሄዶ ምን ፈለገ?
ስድስት ሰዓትም ስቷል። አቃናሁልሽ፣ ከነዚያ ትንንሽ ፊደላት ታግዬ።
አልነገርኩሽም፤ ሥራ አለባት፣ በዚህ ደግሞ አላድክማት ብዬ።»

ምን ይሉታል?
ባቡር ቢሆን ኖሮ፣ ይህ እጅ ስንት ሰው ባተረፈ ነበር።
ልክ ነው አባቴ። ልክ ነው ካላንደሩ። ልክ ነው ያም ደረቅ ሰርቨር።

መለስኩት። ስምንት ዓመት በአንድ ጣት ወደፊት ገፋሁ፤
ክቧ አንዴ ዞረች፣ አረንጓዴ ሆነች፣ ገባሁ።
ከሃዊ እስከ ጴጥሮስ ስሙን አንድ በአንድ አዳረስኩ፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲል «ይላክ» ብዬ ጨረስኩ።

ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማዶ፣ ከተርባይኖቹ ላይ፣
ቀይ መብራት ይጠቅሳል፣ ይጠፋል። ላፕቶፑን ስነካካ፣ ሳይ፣
ለካ ሁለተኛ ሰዓት መጨመር ይቻላል፤ ከተማ ምረጡ ይላል፣
ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደኋላ የቀረ ሰው የት ይገኛል?
አዳማ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ብራዚሊያ ተገኘች፣
የአባቴን ሰዓት፣ ሳታውቀው፣ ውቅያኖስ ማዶ ስትቆጥር የኖረች።
ስሟን ፋቅሁት።
ጻፍኩበት፦ «ያባባ»።

ጠዋት ሁለት ላይ መጣ፣ በእግሩ ጣት፣ የተኛሁ መስሎት።
ስክሪኑን አየ። የእጁን ሰዓት አየ። ደግሞ ስክሪኑን። ዓመቱን ግን አላየላት።
«እም» አለ።
ያቺ «እም»፣ ከድሬዳዋ የሚመጣው በሰዓቱ ሲገባ የሚላት ናት።